የተኩስ ጨዋታው ጩኸት

ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» እያለ ነበር የሚጠራት፤ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሬዲዮ ድራማ ላይ አሮጊትም፣ ሙሽራም፣ የሚያለቅስ ሕፃንም ሆና ኖራለች። ገበያ ወጥታ የሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቅ፣ ሻጮቹ ድምፅዋን ሰምተው ቀና ይሉ ነበር። ጣቢያው ማስታወቂያ ሲጠፋበት ግን መጀመሪያ የተቆረጠው ድራማው ሆነ። እሷም ዓይናቸው ከጠፋ እናቷ ጋር እቤት መዋል ጀመረች።

አንድ ቀን፣ ከማተሚያ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው የስልክ ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች አስጠሯት። ሥራ አስኪያጁ ገና ልጅ እግር ነው፤ ሲናገር ከወንበሩ ይነሣል።

«እትዬ፣ ወጣቱ በሙሉ ስልኩ ላይ ሲታኮስ ነው የሚውለው። የሚታኮሰው ግን በሰው አገር ቋንቋ ነው፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። እኛ በገዛ ቋንቋው እናታኩሰው!»

«እኔ ደግሞ ምን ልተኩስ?» አለች ሳቋ እያመለጣት።

«እርስዎ ይጮኹልናል።»

ጮኸች። ግድግዳው በፍራሽ በተሸፈነ፣ ቁም ሣጥን በሚያህል ክፍል ቆማ «ከኋላህ ናቸው!»፣ «ጥይት ጨረስኩ!» ስትል ትውላለች። ሌላ ሰው ለመቅጠር አቅም ስላልነበራቸው አዛዡም፣ ቁስለኛውም፣ ሟቹም እሷው ነበረች። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ከመስታወቱ ማዶ፣ «ጎበዝ እትዬ! አሁን ደግሞ ትንሽ ረዘም አድርገው ይሙቱልን» ይላታል። ትስቅና ትሞታለች።

ብዙም ሳይቆይ ጉሮሮዋ አሸዋ የዋጠች ያህል ይከረክራት ጀመር። ሐኪሙ አየና፣ «የድምፅ አውታርዎ ቆስሏል። ዝም ካላሉ ድምፅዎን ይሰናበቱታል» አላት። ለሥራ አስኪያጁ ስትነግረው ፊቱ ዳመነ።

«የውጪው ጨዋታ አዲስ ዙር ሊለቅ ነው፤ ከቀደሙን አለቀልን። እባክዎ እትዬ፣ የቀሩት ሟቾቹ ብቻ ናቸው።»

እንቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ የሚፈልጋት ሰው አግኝታ ምን አንጀት ኖሯት? ጮኸች።

ጨዋታው ሲወጣ፣ በአገሩ ስልኮች ላይ በብዛት ከወረዱት ጨዋታዎች አንደኛ ሆነ። ታክሲ ውስጥ የገዛ ጩኸቷን ከአንድ ጎረምሳ ስልክ ሰምታ እንባዋ መጣ። ደስታው ግን የጠዋት ጤዛ ሆነ። ጨዋታው ርካሹን ስልክ ያንቀዋል፣ ኢንተርኔቱን ሙልጭ አድርጎ ይበላል። የወደደውም ቢሆን በነፃ ይጫወታል እንጂ፣ ጨዋታው ውስጥ ጠመንጃና ጥይት ለመግዛት ኪሱ የሚገባው ለውጪው ጨዋታ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቁልቁል የወረደውን የገቢ መስመር በኮምፒውተሩ እያሳያት ተጫዋቾች የጻፉትን ያነብላት ጀመርና አንዱ ላይ ሲደርስ ሊያልፈው ሞከረ።

«አንብበው» አለችው።

«‹ሴትዮዋ ጆሯችንን አደነቆረችው። እኔ ድምፁን ዘግቼ ነው የምጫወተው› ይላል።»

እሷ ግን ያኔ ከሹክሹክታ በላይ ድምፅ አይወጣላትም ነበር።

ድርጅቱ ተዘጋ፤ ወጣቶቹም በየፊናቸው ተበተኑ። እሷ ዝም ብላ ከረመች፤ ዝምታው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ጣቢያው ማስታወቂያ አንባቢ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች። የድሮ የሥራ ባልደረባዋ፣ የጣቢያው ድምፅ ቀጂ፣ አቅፎ ተቀበላት። ማይኩ ፊት ቆማ ጀመረች፤ የወጣው የዛገ በር ድምፅ ነበር። ቀጂው ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ መሬት መሬት አየ።

«ውሃ ጠጪና እንደገና እንሞክር፣ እህቴ።»

ጠጣች። ሞከሩ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

እናቷ ደጁ ሲከፈት ሰምተው፣ «ተቀበሉሽ?» አሉ። ስለ ድምፅዋ ሲጠይቋት ሁልጊዜም ጉንፋን ነው እያለች ነበር የምታታልላቸው።

«አዎ፣ ሰኞ እጀምራለሁ» አለች፤ ለምን እንዳለች ራሷም አታውቅም።

ሰኞ ለብሳ ወጣችና የሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ዋለች። በቤታቸው መስኮት የእናቷ ሬዲዮ ይሰማል፤ አንዲት ወጣት በጠራ ድምፅ የሳሙና ማስታወቂያ ታነባለች። ማምሻውን ገባች።

«ሰማሁሽ እኮ!» አሉ እናቷ ፊታቸው በርቶ። «ጭራሽ የልጅነት ድምፅሽ ተመለሰ!»

«እውነት?»

«ወይ ልጄ፣ ድምፅሽን እዚያ አሟጠሽው ትመጪና ለእኔ ይቺን ጭላጭ ታተርፊያለሽ።»

በማግስቱም ለብሳ ወጣች።