የእሬቷ የመጨረሻ ልጅ

የአራተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ፣ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረችው መንደራችን ተረት የሚያወራልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባቴ ከጦርነቱ አልተመለሰም። መንግሥት ተለውጦ የጎረቤት ዘማቾች አንድ ሁለት እያሉ ሲገቡ እኛ መንገድ መንገዱን እያየን ቀረን። እናቴ እህል ልትሸጥ ኩልመስክ ገበያ ስትወርድ ሁለትና ሦስት ቀን ትቆያለች፤ እኔ ደግሞ ወንድምም እህትም አልነበረኝም። ስለዚህ ያኔ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደብተሬን ይዤ፣ በአጥር ወደሚዋሰኑን ወደ አያ ሞላ ቤት እሄድ ነበር።

አያ ሞላ ንብ ያነቡ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው ሰውን በድምፁ፣ አበባን በጣታቸው ይለያሉ። ጋቢያቸው ንብ ለማባረር የሚያጨሱት የደረቅ እበት ጢስ ጢስ ይላል። ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ ያደርጉና ኩራዙን ለእኔ ብለው ያስለኩሱኛል፤ ለእሳቸውማ መብራቱ ምንም አይጨምርም። ከዚያ ጋደም ብለው ይጀምራሉ።

ተረታቸው ሁሉ የአበባ ነበር፤ አበቦች እንዴት ጎጆ እንደሚወጡ፣ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚኖሩ። ኮሶ ልጆቿን በዘለላ በዘለላ አንጠልጥላ ቁልቁል ታስተኛለች። አደይ አበባ አንዲት ትመስላለች እንጂ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ናት፤ ዙሪያዋን የከበቡት ሰፋፊ ቢጫዎች ደጅ ቆመው ንብ የሚጋብዙ ናቸው፣ ቤተኞቹ መሃል ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የተቀመጡት ደቃቆቹ ናቸው።

«አስተናግርስ፣ አያ?» አልኳቸው አንድ ቀን። በየጉድፉ ዳር የሚበቅለውን፣ የቀመሰውን ሰው የሚያስለፈልፈውን ማለቴ ነው።

«እሷማ ከእህቶቿ ተጣልታ ለብቻዋ ወጣች። አንዲት አበባ እዚህ፣ አንዲት እዚያ፤ ጎረቤት የለ፣ ጨዋታ የለ። ሰው ስታጣ ለብቻዋ ትለፈልፍ ጀመር።»

«እኔም እናቴ ስትሄድ ለብቻዬ አወራለሁ።»

«እኔ ታዲያ አንቺን ሳልቀምስ ነው እንዲህ የምለፈልፈው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የእሬቷ ተረት ግን የተለየ ነበር። ደጃቸው ካለው የድንጋይ ካብ ሥር አንዲት እሬት ነበረች፤ በዚያ ዓመት ጥር ላይ አንድ ዘንግ ብቻ አወጣች። «እሬት ልጆቿን በአንድ ዘንግ ላይ በዕድሜያቸው ትሰድራለች» ይሉኝ ነበር። «ታላቁ ከታች ቀድሞ ይወጣል፤ ከዚያ ተከታዩ፣ ከዚያ ተከታዩ። ታናሿ ጫፍ ላይ ተሸፋፍና ትቆያለች። እሷ ሳትወጣ እናትየው በሯን አትዘጋም።»

ይህን ተረት መጀመሪያ ያወሩላት ለልጃቸው ለእናኑ ነበር። እናኑን በአሥራ አምስት ዓመቷ ሊድሯት ሲሉ በሠርጓ ዋዜማ ጠፍታ ደሴ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ተኳርፈው ለዓመታት ሳይገናኙ ቆዩ። በዚያ ጥር ግን ወደ ደሴ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ ቃሏን ይዞ መጣ። ከአሠሪዎቿ ፈቃድ የምታገኝበትን ቀን ስላላወቀችው ቀን አልቆረጠችም። «የደጃችን እሬት የመጨረሻ ልጇን ሳታወጣ እደርሳለሁ፤ አባቴን ይዤ እሄዳለሁ በልልኝ» ነበር ያለችው።

አያ ሞላ ሰው ሆኑ። «ደሴ መብራቱ ከጣሪያ ላይ ነው አሉ» አሉኝ፤ «ለእኔ ዓይነቱ ባለ ዓይን የሚሆን አገር!» እኔ አልሳቅኩም። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተረቱ ሊሄድብኝ ነው።

እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት አንድ ጠዋት ካቡ ላይ ወጣሁ። ከዘንጉ ግማሹ አብቧል፣ ጫፉ ላይ እንቡጦቹ ተደራርበው ተኝተዋል። በጥፍሬ ቀጥፌ ወደ ገደሉ ጣልኳቸው። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩት፤ ማታ ቆሎ ስበላ ግን ጣቴ አሁንም ይመራል። የልጅ ሐሳቤ እንዲህ ነበር፦ ታናሿ ካልወጣች እናኑ አትመጣም፤ አያ ሞላም እየጠበቁ፣ እየጠበቁ እዚሁ ከእኔ ጋር ይኖራሉ።

አበባው እንዳይረግፍባቸው ስለሚሳሱ ከእሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ብቻ ነበር የሚዳስሱት። እሑድ ደረሰ። ጣታቸው ከታች፣ ከደረቁት ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ከታች ጀመሩ። ዘንጉ ላይ የቀሩት አበቦች ሁሉ ፈክተዋል።

«ዘርፌዋ፣ እስቲ አንቺ ዓይን አለሽ። እንቡጥ ቀርቷል?»

«የለም፣ አያ። ሁሉም ወጥተዋል።»

አልዋሸሁም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንቡጥ አልነበረማ። ያኔ ነው የልጅ ሐሳቤ የት ላይ እንደሳተ የገባኝ፤ ለማየት ለማይችል ሰው፣ ጫፉ የተቀጠፈ ዘንግና አብቦ የጨረሰ ዘንግ አንድ ናቸው።

ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ካቡ ሥር ተቀመጡ። ኮቴ በሰሙ ቁጥር አንገታቸው ቀና ይላል፤ አህያ ያለፈ እንደሆነ መልሰው ያቀረቅራሉ። ተረት የለም፣ ኩራዝ የለም። በሰባተኛው ቀን «እስክሪብቶሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

«ልጄ እናኑ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እሬቷ ጨርሳለች። ከእንግዲህ አትምጪ፤ እኔም አገሬን አልለቅም።»

«አትምጪ ይባል እንዴ፣ አያ?»

«ጻፊ።»

እስክሪብቶውን አስቀምጬ፣ የቀጠፍኩት እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አድራሻዋስ የት ይባል?» የሚል ነበር። ደብዳቤውን ያው ነጋዴ ወሰደው።

እናኑ አልመጣችም። የፈለግኩትን አገኘሁ። እሳቸው እንደገና ኩራዝ ያስለኩሱኝ ጀመር፤ የኮሶውን፣ የአደዩን እየደጋገሙ ሁለት ዓመት አወሩልኝ። የእሬቷን ግን አንድም ቀን አላነሱም። እኔም ከፍሙ ማዶ ተቀምጬ፣ የሚያወሩት ለሌላ ሰው እንደነበረ እያወቅኩ እሰማ ነበር። እናቴ ገበያ ስትሄድ ለብቻዬ ሳወራ እንኳ እንዲያ ያለ ብቸኝነት አልተሰማኝም።

እናኑ የመጣችው በሰልስታቸው ነው። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ደብዳቤውን አወጣች፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

«ያንቺ ጽሕፈት ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሲያስጽፉሽ ተቆጥተው ነበር?»

«አልተቆጡም።»

«ታዲያ ለምን አትምጪ አሉኝ? እኔ እኮ ጓዜን እያሰርኩ ነው ነጋዴው የደረሰው። ለካ የሠርጉን ነገር አልረሱልኝም ብዬ ጓዜን ፈታሁት።»

«እንጃ» አልኳት።

ግንባሬን ሳመችኝ። «እኔ ባልኖር አንቺ ነበርሽላቸው። እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ዛሬ ኮን ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ፤ አርባውን አልፌያለሁ። ተረቶቹ አንድም ሳይጎድሉ አብረውኝ አሉ። ልጆቼ አደይ አበባ ይዘው ሲመጡ መሃሏን ገልጬ ቤተኞቹን አሳያቸዋለሁ፤ ስለ እሬት ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ። እናኑ አሁንም ደሴ እንዳለች ሰምቻለሁ፤ ስልኳንም ይዣለሁ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው እመታና መልሼ አጠፋዋለሁ። በቃል የማልችለውን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ማስፈሬ፤ ለእሷ መድረስ ያለበት ግን ከዚህ ሁሉ ጥቂቱ ነው። አባትሽ አልተቀየሙሽም። የረሳሻቸው መስሏቸው ነው። እትዬ እናኑ፣ አልዘገየሽም ነበር።