«እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ የደበቅሁት ሕመም

ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ግን እዚህ ቆሜ በቃሌ ልናገር ብል ድምፄ እንደሚጠፋ ስለማውቅ፣ ጌታ ያደረገልኝን በወረቀት ይዤ መጣሁ። ቀና ብዬ ሳላያችሁ ባነብ አትቀየሙኝ። ስሙ ይባረክ።

በስደት የምኖረው ብሩክሊን ሴንተር፣ ከታላቅ ወንድሜ ከታምራት ጋር ነው። ሥራዬ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ ሎንድሪ ውስጥ ልብስ ማጠብ ነው። ጌታን ከማወቄ በፊት የእግዚአብሔርን ስም የምጠራው ለሰላምታ ብቻ ነበር። «እንዴት ነሽ?» ስባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ እዚያው ያበቃል። ቢያመኝም ብከፋም መልሴ ያው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ያደግንበት ጨዋነት ነው። ይህ ጨዋነት ሊገድለኝ ነበር።

የወር አበባዬ ከመጠን በላይ ይፈሰኝ ጀመር። ይህን በጉባኤ መካከል ማንበብ ያሳፍረኛል፤ ግን እህቶቼ፣ ከመካከላችሁ እንደ እኔ የምትደብቅ ካለች ስለ እሷ ነው የማነበው። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ታምራት መገርጣቴን አይቶ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። እኔ እንግሊዝኛ ስለማልችል የሚያስተረጉምልኝ እሱ ነበር።

ሐኪሟ ደግ ሴት ናት። «ዛሬ እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

መሬት መሬቱን እያየሁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ታምራትም ደህና ናት ብሎ ነገራት።

«ሕመምሽ ከአስር ስንት ይሆናል?» ስትል፣ ሐኪም ፊት ማማረር ነውር መስሎኝ «ሁለት» አልኩ። ቀጥላ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀች። ታምራት ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ያ... የሴቶች ነገር ደህና ነው ወይ ትላለች» አለኝ። «ደህና ነው በላት» አልኩት። ደሜን አስመርምራ የደም ማነስ አለብሽ አለችና ክኒን ሰጠችኝ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ተለያየን።

አንድ ቀን አንሶላ ሳጥፍ ወደቅኩ። ያነሳችኝ እዚያው ወጥ ቤት የምትሠራው እትዬ አልማዝ ናት። በማግስቱ እሁድ ስለነበር፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ቤቷ ወደሚደረገው የጸሎት ኅብረት ይዛኝ ሄደች። እንድጸልይ ሲጠይቁኝ «ጌታ ሆይ ተመስገን፣ ሁሉ ደህና ነው» አልኩ።

እትዬ አልማዝ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «አንቺ ልጅ፣ ጌታንም እንደ እንግዳ ታስተናግጂዋለሽ እንዴ? ትናንት ወድቀሽ ያነሳሁሽ እኔ አይደለሁም?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። «ጌታ ሆይ፣ ደሜ እያለቀ ነው» አልኩት። «እንዳልሞት ፈርቻለሁ። ልጅ ሳልወልድ እንዳልቀር ፈርቻለሁ።» ለማንም ያልተናገርኩትን ለእሱ ተናገርኩ፤ አልተቆጣኝም። ሕይወቴን ለጌታ የሰጠሁት የዚያን ቀን ነው። ልቤ ውስጥ የገባውን ሰላም በቃል መናገር አልችልም። ክብር ለእሱ ይሁን።

ደሙ ግን አልቆመም። ለእትዬ አልማዝ ስነግራት «ለጌታ የነገርሽውን ለሐኪሟም ንገሪያት። ያልነገርሻትን እንዴት ትፈውስ?» አለችኝ፤ ቀጥላም «ያልነገርሽኝን አላውቅም ብትልሽ እውነቷን ነው» አለች።

በሚቀጥለው አፖይንትመንት ሐኪሟ ሳትገባ ወንድሜን «ታምሬ፣ ውጪ ጠብቀኝ» አልኩት።

«ማን ሊያስተረጉምልሽ?»

«በስልክ ሴት አስተርጓሚ አለች ብለውኛል።»

«ይህን ሁሉ ድራይቭ አድርጌ የመጣሁት ኮሪደር ላይ ልቆም ነው?» እያለ ወጣ። ታላቄን ውጣ ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ድፍረት የሰጠኝ ጌታ ነው።

ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚዋ በኩል እንዴት ነሽ ስትለኝ «ደህና አይደለሁም። እስከ ዛሬ የነገርኩሽ እውነት አልነበረም» አልኳት። እኔ ሎንድሪ ውስጥ የየክፍሉን አንሶላ ብዛት በጽሑፍ ሳይሆን በቃሌ ነው የምይዘው። ደሜንም እንደዚያው ይዤው ነበር። ከየትኛው ወር እንደጀመረ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደምቀይር፣ የቱ ጋ እንደሚያመኝ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። መጻፏን ትታ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«የት ጽፈሽው ነው?»

«አልጻፍኩም፤ በቃሌ ነው።»

«እንደ አንቺ አጥርቶ የሚነግረኝ ታካሚ ጥቂት ነው» አለች። ቀጥላም «ጥፋቱ የእኔም ነው። ከመጀመሪያው ብቻሽን ላነጋግርሽ ይገባ ነበር» አለችኝ። ወገኖቼ፣ የተማረ ሰው እኔን ይቅርታ ሲጠይቀኝ የዚያን ቀን አየሁ።

ወዲያው አልትራሳውንድ አደረገችልኝ፤ ማህፀኔ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ተገኘ። «ካንሰር አይመስልም። ዕጢውን ብቻ ለማውጣት እሞክራለሁ፤ ደሙ አልቆም ካለኝ ግን ሕይወትሽን ለማትረፍ ማህፀንሽን ላወጣ እችላለሁ» አለች። እናንተ ጾማችሁ ጸለያችሁልኝ። እኔም የቀዶ ሕክምናው ዕለት ለጌታ ደህና ነኝ አላልኩትም፤ እንደፈራሁ ነገርኩት።

ስነቃ ታምራት አጠገቤ ቆሟል። ያ የሴት ነገር ሲነሳ መስኮት የሚያየው ወንድሜ፣ ነርሶቹ ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ «ማህፀንሽ ተርፏል! ማህፀንሽ ደህና ነው!» እያለ ያለቅስ ነበር። ጌታ ስሙ ከፍ ይበል።

ዛሬ ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ። እናንተ ሕመማችሁን ውጣችሁ የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ለጌታ ንገሩት፤ ያምናችኋል፣ አያፍርባችሁም። እሱ ድፍረት ሲሰጣችሁ ደግሞ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እኔን ዓይን አፋሯን ያናገረ እናንተን አይተዋችሁም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ለመጨረሻ ጊዜ ልታየኝ ቀጥራኝ ነበር። «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ መሬት አላየሁም። ዓይን ዓይኗን እያየሁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት።

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቅ ብላ «ዛሬ አምንሻለሁ» አለችኝ።