መሃል ተቀምጬ ወደ ዲፕስሉት

ትሮይቪል፣ ጎህ ሲቀድ

ከመኪናው አጠገብ አምስት ሰዎች ነበርን። ታላቅ እኅቴ እታገኝ ጋቢዋን ደርባ በራፉ ደረጃ ላይ ቆማለች። ትልቁ ልጇ መስፍን በመኪናው ግራ በር፣ ሁለተኛው ልጇ ኤልያስ በቀኝ በር በኩል ናቸው። እዚሁ ጆሃንስበርግ ከሴት ልጇ የተወለደችው የልጅ ልጇ ሐና መሪውን ይዛለች። እኔ ከነሻንጣዬ ከኋላ ቆሜ ማን በየት እንደሚገባ እጠብቃለሁ።

እኅቴን ልጠይቅ ከአዲስ አበባ መጥቼ ዛሬ ተመላሽ ነኝ። አውሮፕላኑ ማታ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጉዳይ አለ። የእታገኝ የመጨረሻ ልጅ በረከት ዲፕስሉት በሚባለው፣ ከከተማው በስተሰሜን ባለው የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለው። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። በሁለተኛው ጊዜ ግንባሩን በሽጉጥ ሰደፍ መትተውታል። እናቱ ሱቁን እንዲዘጋ ብትለምነው እምቢ አለ። በመጨረሻ በስልክ እየሳቀ፣ «ሁለቱ ጋሼዎቼ መጥተው አንድ ቃል ከተናገሩኝ እዘጋለሁ» አላት።

የሳቀበት ምክንያት አለው። መስፍን ቴክሳስ፣ ኤልያስ ሚኒሶታ ይኖራሉ። ከአሜሪካ ሁለት ፓርቲዎች መስፍን ስደተኛ ይቀነስ የሚለው የቀዩ ደጋፊ ነው፣ ኤልያስ የሰማያዊው። ከምርጫው ወዲህ አልተነጋገሩም። ኤልያስ ከልጅነቱ «ጋሼ» ይለው የነበረውን ወንድሙን አሁን «ሰውየው» ይለዋል። እናታቸው ሁለቱንም የጠራቻቸው ለአንዱ የሌላውን መምጣት ሳትነግር ነው።

«እኔ ፊት እቀመጣለሁ» አለ ኤልያስ።

«ፊት የበረከት ዕቃ ነው የሚጫነው» አለች ሐና። «ሁለታችሁም ኋላ።»

እታገኝ ወደ እኔ ዞረች። «በይ እንግዲህ፣ አንቺ መሃል ግቢ።»

ገባሁ። የመሃሉ ወንበር ወለሉ ጉብታ አለው፤ ለጉልበቴ አልተመቸውም።

ጀፕ፣ ረፋድ ላይ

የእኛ ሰዎች ጅምላ የሚነግዱባቸው ሕንጻዎች እዚህ ጀፕ ሰፈር ናቸው። ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ሱቅ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ መጋረጃ፣ የስልክ ሽፋን። አንድ ደረጃ ላይ አማርኛ፣ ሃዲይኛ፣ ከምባትኛና ዙሉኛ ይሰማል። አማርኛውን የሚያወራው ብዙው ሰው አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ስለሆነ ቀስ ብሎ፣ አጥርቶ ይናገራል። ደስ ይላል።

ከፎቆቹ በአንዱ ካለ ምግብ ቤት ቁርስ በላን። ፉል በዳቦ አርባ ራንድ ነው፤ ቃሪያው አይናቅም። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ። የቤቱ ባለቤት እንግዶቹ ከአሜሪካ መሆናቸውን ከሐና ሲሰማ ሪሞቱን አነሳ።

«ዜና ልክፈትላችሁ? የትኛው ቻናል ይሁን?»

መስፍን አንዱን ጠራ። ኤልያስ ሌላውን ጠራ። ሰውየው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየና ኳስ ከፈተ።

በረከት ለሱቁ ያዘዘውን ሻማ፣ ክብሪት፣ ዳቦና የሕፃን ዳይፐር በካርቶን ፊት ጭነን ወጣን።

አውራ ጎዳናው ላይ

ከተማው ወደ ሰሜን ሲሄድ ይለወጣል። የተሰባበሩት መስኮቶች ያልቁና የመስታወት ሕንጻ ይጀምራል። ከዚያ ረጃጅም አጥሮች፣ በአጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከአጥሩ በላይ የዛፍ ጫፍ ብቻ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች ሐና በመስታወቱ እያየችን። ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ትማራለች። «አሜሪካ ውስጥ ሞደሬት የሚባል፣ ወደ ጽንፍ የማይሄድ ሰው ጠፋ እንዴ? ትናንት በአማርኛ ምን እንደሚባል ስልኬን ስጠይቀው ‹መሃል ሰፋሪ› አለኝ። እማማ፣ አንቺ መሃል ሰፋሪ ነሽ ማለት ነው?»

ሐና «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ «እርስዎ»ን ያስተማራት የለም።

ወንድማማቾቹ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ልጅቷ አታውቅም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው በማግሥቱ ክፍል ላይገኝ ይችል ነበር።

«ስድብ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ደህናው ቃል የቱ ነው?»

«ጋዜጦች ለዘብተኛ ይላሉ።»

«ለዘብተኛ!» መስፍን ሳቀ። «እትዬ፣ እዚያ በቀኝዎ ያለውን እንደዚያ አይበሉት፤ ይከፋዋል።»

«እትዬ፣ እሱን እንደዚያ ብሎ የጠራው ሰው እስካሁን አልተገኘም ይበሉልኝ» አለ ኤልያስ።

«እኔ አሜሪካ በበር ነው የገባሁት ይበሉት። ተሰልፌ። ሌላውም ይሰለፍ።»

«ከገቡ በኋላ በሩን በሌላው ላይ መጠርቀም ቀላል ነው ይበሉት።»

ማስተላለፍ አላስፈለገኝም። ሁለቱም ጎረምሳ ሳሉም ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ሁሉም በጆሮዬ ነው ያለፈው።

ነዳጅ ማደያ፣ እኩለ ቀን

ኤልያስ መጸዳጃ ቤት ሲገባ መስፍን ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ።

«የእኛም ፓርቲ ሰዎች አብዝተውታል፣ እትዬ። ስለ ስደተኛ የሚናገሩትን ስሰማ ቴሌቪዥኑን የማጠፋበት ቀን አለ። እሱ ፊት ግን አልለውም። አሸነፍኩህ ይላል።»

ውኃ ሊገዛ ሄደ። ኤልያስ ተመለሰ፤ እሱም ዙሪያውን አየ።

«እውነቱን ልንገርዎ? ድንበር ያለ ጠባቂ አይሆንም። የእኛዎቹ ይህን አፍ አውጥተው ለመናገር ይፈራሉ። እሱ ፊት ግን . . .»

«አትለውም» አልኩት።

«አልለውም።»

ተመልሰን ገባን። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት የእኔን ወርድ ያህል ነው።

ዲፕስሉት፣ ከሰዓት በኋላ

አስፋልቱ ያልቅና አቧራው ይጀምራል። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ፣ የበቆሎ ጥብስ፣ በመንገዱ የሚወርድ የልብስ እጣቢ፣ ጎማ የሚያስነፋ ሰው። የበረከት ሱቅ በአንዲት አሮጊት ግቢ ጥግ የተሠራች ክፍል ናት። ፊቷ የብረት ፍርግርግ ነው፤ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። በረከት ከውስጥ ቆሟል። ጠባሳው ከቅንድቡ ተነሥቶ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም።

ካርቶኖቹን አስገብተን አንድ የጠርሙስ ሳጥን ገልብጠውልኝ ከጥላው ሥር ተቀመጥኩ።

«ማይ ፍሬንድ!» አለች አንዲት ገበያተኛ። እዚህ የእኛን ሰው ሁሉ የሚጠሩት እንደዚያ ነው። «ዳቦና አንድ ሻማ።»

«ሳውቦና፣ ማማ» አላት፤ የዙሉ ሰላምታ ነው። ከዚያ ወደ ወንድሞቹ ዞረ። «በሉ እንግዲህ። አንድ ቃል።»

«አዲስ አበባ ግባ» አለ መስፍን። «ተራህን ጠብቀህ፣ በሕጉ አሜሪካ እወስድሃለሁ።»

«እትዬ፣ ያ ተራ ስንት ዓመት እንደሆነ ይጠይቁት። በረከት ጀፕ ይውረድ፤ እዚሁ ሆኖ ለወረቀቱ ጠበቃ እይዝለታለሁ» አለ ኤልያስ።

«አዲስ አበባና ጀፕ» አለ በረከት። «ሁለት ቃል ሆነ።» ሻማውን ለሴትዮዋ አቀበላት።

እኔ ሳጥኑ ላይ ስለነበርኩ መሃላቸው ባዶ ነበር። ኤልያስ ወደ መስፍን ተራመደ።

«አንተ ድሮም ሰው አትሰማም!»

«አንተን ማን አማካሪ አደረገህ?»

«የልጁን ግንባር አታይም?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

ገበያተኛዋ ዳቦዋን ሳትቀበል ቆማ ታያለች። ሁለቱም ጣታቸውን አንሥተው እኩል ጮኹ።

«ዝጋ!»

አፍህን ማለታቸው ነው።

«ሰማሁ» አለ በረከት ከፍርግርጉ ውስጥ። አሁን አልሳቀም። «ሁለታችሁም ዝጋ አላችሁኝ።»

«አይ፣ እኔ እንኳ ላንተ . . .» ኤልያስ ጀመረ።

«ለሱ ነው» አለ መስፍን፣ ኤልያስን እያየ በእጁ ወደ በረከት እየጠቆመ። «ለሱ ነው ያልነው።»

ኤልያስ ያነሣውን ጣቱን አወረደ።

«አዎ፣ ጋሼ። ለሱ ነው።»

በረከት ጠባሳውን አሻሸ። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየ። ለሴትዮዋ ዳቦዋን ሰጣት፤ የፍርግርጉን ቆርቆሮ መዝጊያ አውርዶ ወጣና ጓጉንቸሩን ቆለፈ።

«ዕቃውን ነገ እናወጣለን» አለ መስፍን።

«ነገ ለምን? አሁን መኪና እንከራይ» አለ ኤልያስ።

«አሁን የት ታገኛለህ?»

መከራከራቸውን ቀጠሉ። እኔን ግን ይበሉት፣ ይጠይቁት የሚለኝ አልነበረም። ፊት ባዶ ነው። መሃሉን ለበረከት ለቀቅሁለትና ከሐና ጎን ገብቼ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄድኩ።