የባለቤቴ እኅት ያሞቀችው ወተት

የባለቤቴ ታላቅ እኅት ልታርሰኝ ከሮቢት ወደ ቆቦ የመጣችው የራሷን ፍየል አስጭና ነው። እናቴ በሕይወት ስላልነበረች የአራስ ቤቱ ሥልጣን በሙሉ በእጇ ገባ። ፍየሏን ግቢያችን ውስጥ ስታስር፣ «ለክፉ ቀን ትሆናለች» አለች። ክፉውን ቀን ግን አልጠበቀችውም፤ ራሷ አመጣችው።

ላጠባ በተቀመጥኩ ቁጥር ጡቴን በሁለት ጣቶቿ እንደ መቀስ ትይዘዋለች። የሕፃኑ አፍንጫ እንዳይታፈን በሚል ከላይ እየተጫነች፣ ጫፉን ብቻ ወደ አፉ ትገፋለች። እኔ ወደ ልጁ እጎነበሳለሁ፤ እርሱ በድዱ ጫፉን ይቆነጥጣል። ጡቴ ተሰነጠቀ፤ ደማ። ወተቱ በቅጡ ስለማይወጣለት ልጁ ያለቅሳል። እርሷም ለጠያቂ ሴቶች፣ እኔ እየሰማሁ፣ «የተማረች ሴት ጡት ለጌጥ ነው እቴ። እስቲ ዲግሪውን ታጥባው» ትላለች። ይስቃሉ። ባለቤቴም አብሯቸው ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ።

ከክርስትናው በኋላ ልጄን ሮቢት ልትወስደው እንዳሰበች የነገረኝ እርሱ ነው። «እስክትጠነክሪ ነው። እዚያ የፍየል ወተት እየጠጣ ይቆያል» አለኝ። አልተከራከርኩም። በተፈጥሮዬ ቃል አላበዛም፤ ቂም ግን በሥርዓት እይዛለሁ።

ልጁን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ቀን፣ እርሷ ውጭ ጥላ ሥር ስትጠብቀኝ፣ አዋላጅ ነርሷ የጡት አያያዝ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ቤት ስገባ በሩን ዘግቼ እንዳሳየችኝ አደረግሁ። ጀርባዬን ከግድግዳው አስደገፍኩ፤ ልጁን በትራስ ከፍ አድርጌ ሆዱን ከሆዴ አገጣጠምኩ። ጡቴ ከባድ ስለሆነ ከሥሩ የተጠቀለለ ነጠላ አስገባሁ። አውራ ጣቴን ከላይ፣ አራቱን ጣቶቼን ከታች፣ ከጠቆረው ክብ አርቄ፣ ሳልጫን ደገፍኩት። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ታገሥኩና ልጁን ወደ ጡቴ አመጣሁት እንጂ ጡቴን ወደ ልጁ አልገፋሁም። አገጩ ቀድሞ ነካኝ። አላመመኝም። ሲውጥ ሰማሁት።

ለባለቤቴ እኅት አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲያ «አሞኛል፣ ልረፍ» እያልኩ በሬን ዘግቼ አጠባሁ፤ በጡጦ አሙቃ የምታቀብለኝን የፍየል ወተት ለቤታችን ድመት ገለበጥኩ። ልጁ ዝም ማለት ሲጀምር፣ ሲወፍርም፣ «የእኔ ፍየል አሳደገችው» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ይበልጥ እንድታወራ ተውኳት። ሰው ከፍ ካለ ቦታ ሲወድቅ ይሰማል።

የክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የቆቦ ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር። ግቢያችን ውስጥ የተጣለው ዳስ በሴቶች ሞልቷል። ልጁ ሲያለቅስ ነጠላዬን ገለጥ አደረግሁ። እኅቲቱ ጡጦዋን ይዛ ከፊቴ ቆመች።

«ተይ፣ ፀሐይ የመታው ወተት ሆድ ይቆርጣል። መጀመሪያ የሚወጣው መሬት ላይ ይፈሳል፤ እናትሽ ብትኖር ትነግርሽ ነበር። ልጁን ወዲህ በይ፣ የለመደውን ላጠጣው። ለነገሩ ነገ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኳት።

ትራሱን አስተካክዬ፣ የተጠቀለለ ነጠላ ከጡቴ ሥር አስገብቼ፣ ሁሉም እያየ አጠባሁት። ልጁ አፉን ሞልቶ ጎረሰ። አዋዋጡ ከጎኔ ላሉት ሁሉ ይሰማ ነበር።

ከጎኔ የተቀመጡት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ስንቱን ያዋለዱ አሮጊት፣ ጠጋ ብለው አዩ። «ማሻአላህ። ይኼ የዛሬ ጀማሪ አጎራረስ አይደለም።»

«አይደለም፣ እማማ። ከተከተበ ጀምሮ የጡቴን ብቻ ነው የጠባው። የፍየሏን ወተት ስትጠጣ የከረመችው ድመቷ ናት።»

«እኔስ ምን በልታ ነው እያልኩ ነበር፣ ጎኗ እንዲያ የሰባው» አሉ አሮጊቷ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ያ ሳቅ ቀድሞ በእኔ ይስቁ የነበሩት የእነዚያው ሴቶች ሳቅ ነበር፤ እያንዳንዷን ፊት ለይቼ አየሁ።

«እትዬ፣» አልኩ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ፣ «የያዙት እንዳይበላሽ እርስዎ ይጠጡት።»

ወደ ወንድሟ ዞረች። እርሱ መሬት መሬቱን ያያል። ጡጦዋን እንደያዘች ወደ ጓዳ ገባች፤ በማግስቱም ሮቢት የተመለሰችው ፍየሏን ብቻ ይዛ ነው።

እንግዶቹ ሲበተኑ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀመጠ። «ታላቅ ናት እኮ። ሰው በሌለበት ብትነግሪያት ምን ነበረበት?»

«እኔን ሰው በሌለበት ነበር የምትሰድበኝ?» አልኩና ልጁን ወደ ሌላው ጡቴ አዞርኩት።