ንዳድ ያውቀኛል

መታመም ሥራ ነው። ጤነኛ ሰው በሽተኛን ሲያይ ተኝቶ ያረፈ ይመስለዋል፤ እኔን ግን በዕድሜዬ እንደ ንዳድ ያደከመኝ አረምም፣ ወፍጮም፣ ውኃ መቅዳትም የለም። ከጊዳን ደጋ ወደ ቆቦ ቆላ በሙሽርነት የወረድኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቁልቁለቱን ስወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሲቀበለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ብርድና ጭጋግ ሰልችቶኝ ነው ያደግሁት፤ ፀሐይ ያለበት አገር መዳሬን እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

ዕድሌ የቆየው እስከ መስከረም ነው። በራያ ቆላ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሳ ውስጥ ያስገቡታል፤ ማሽላው የሚያድገው በሱ ነው። የተረፈው ውኃ በየጉድጓዱ ይቆምና ቢምቢ ይፈላበታል። በሽታው ከቢምቢው እንደሚመጣ እኛ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ማሽላው ሲያሸት ንዳድ ይመጣል፣ ማሽላው ሲታጨድ ይሄዳል፤ የምናውቀው ይህን ብቻ ነው።

የጀመረኝ እንስራ ሳጥብ ነው። ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚያለከልክበት ቀትር ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። በላዬ ላይ ሁለት ጋቢ ደረቡልኝ፤ ብርዱ ግን ከውጭ የሚመጣ አልነበረም። ከብርዱ በኋላ እሳቱ ተተካ፤ ጋቢውን ገፍፌ ጣልኩት፣ የቤቱ ምሰሶ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ከዚያ ላብ። የተኛሁበት ቁርበት እስኪርስ ካላበኝ በኋላ ሰውነቴ ቀዘቀዘና ዳንኩ ብዬ ተነሳሁ። በማግስቱ እውነትም ደህና ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ብርዱ ተመለሰ። እንዲህ ቀን እየዘለለ ሲያመላልሰኝ ሰነበተ።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ያ መንቀጥቀጥና ያ መጋል የበሽታው ሥራ ብቻ አይደለም። ሰውነት ራሱ እሳቱን የሚያነደው የገባበትን ጠላት ለማስወጣት ነው፤ እሳቱ ሲበዛ ደግሞ በላብ ያበርደዋል። እሺ፣ ይሁን። ግን ይህን ሁሉ ሲያደርግ እኔን አላማከረኝም። እሱ ተዋግቶ ሲጨርስ ልብሱን የማጥበው፣ ጉልበቴ እየተብረከረከ ወንዝ የምወርደው እኔ ነኝ።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ባሌ ነበር። በአንድ ቤት እንኖራለን፣ በአንድ መደብ እንተኛለን፣ ቢምቢውም ለሁለታችን አንድ ነው። እሱ ግን ንዳድ ሲይዘው «ዛሬ ትንሽ ቆረጣጥሞኛል» ይልና ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ጥቂት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ተነስቶ ወደ በሬዎቹ ይሄዳል። እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው ይስቃል።

«ንዳድ ያውቀኛል» ይለኛል። «ይመጣል፣ ሰላም ብሎኝ ይሄዳል።»

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን አይስቁም ነበር። አንድ ቀን እጄን ይዘው በግራ ጎናቸው ከጎድናቸው በታች አስነኩኝ። ጣፊያቸው አብጦ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

«ይኸ የቆላ ግብር ነው» አሉኝ። «እኛ በልጅነታችን ነው የምንከፍለው። የከፈለ ይኖራል። ያልቻለውን እንቀብራለን።»

ሴትዮዋ ብዙ ወልደዋል። ሌሎቹን ሁሉ ገና ጡት ሳይጥሉ፣ ገና እግር ሳይተክሉ ንዳድ ወስዶባቸው የቀረላቸው ባሌ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ያውቀኛል» እያለ ሲኩራራ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም ያን ከሰማሁ በኋላ በጤንነቱ መቅናቴን ተውኩ።

በዚያ አገር ለደጋ ሙሽራ የተለመደ መላ አለ። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ወደ ወላጆቿ ትወጣለች፤ አጨዳ ሲደርስ ትመለሳለች። የደጋ ሴት ያገባ ቤት ሁሉ እንዲያ ያደርግ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ እንዲያው አደረግኩ። ሽቅብ ስወጣ አንድ ድካም፣ ቁልቁል ስመለስ ሌላ ድካም። ንዳዱ ግን አይጠፋም፤ ከተመለስኩ በኋላ በቀረችው ቢምቢ ሲይዘኝ፣ ከዚያ በፊት አይቶኝ የማያውቅ ይመስል እንደ መጀመሪያው አድርጎ ይጥለኛል። ሁልጊዜም እንግዳ ነኝ።

አንድ ዓመት ግን ፀንሼ ነበርና አቀበቱን መውጣት አልቻልኩም። ቀረሁ። ንዳዱ መጣ፣ እኔ ተረፍኩ፣ ፅንሱ አልተረፈም። ስለዚያ ብዙ መናገር አልፈልግም። አማቴ አጠቡኝ። ባሌ ለቀናት ሲብሰለሰል ከርሞ አንድ ማለዳ መጥቶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እንውጣ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወዳንች አገር። ሁለታችንም።»

አፌን ያዝኩ። የራያ ጎልማሳ፣ ጎፈሬውን ቅቤ የሚቀባ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ የሚንጎራደድ ሰው፣ ሚስቱን ተከትሎ ደጋ ሊገባ። እናቱ እንኳ «ሂድ» አሉት። ወጣን።

ደጋ ላይ መሳቂያ ሆነ። የአባቴን ባቄላ ከከብት ሲጠብቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይጠቋቆምበታል። ማለዳ ማለዳ ሁለት ጋቢ ተከናንቦ እሳት ዳር ይኮለኮልና ጥርሱ ሲንገጫገጭ «ይኸው፣ የናንተ አገር ብርድ ንዳድ ሁኖ ያዘኝ» እያለ ያስቀኛል። ከዚያ ሌላ አንድም ቀን አልታመመም። እኔም ሥጋ ለበስኩ። ልጅ እንጠብቅ ነበር፣ አልመጣም። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ ቀልድ በቀር ንዳድ ስሙ እንኳ በቤታችን ሳይነሳ ይከርም ነበር፤ በሕይወቴ ያረፍኩት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ አማቴ በገበያተኛ ላኩብን። አቅማቸው ደክሟል፣ ጎርፉን የሚጠልፍ ሰው የለም፣ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። እናት ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው፤ ምን ይባላል? ክረምቱ ሳያልቅ ጓዛችንን ጠቅልለን ወረድን።

ቆቦ ስንደርስ አስፋልቱ ዳር ክሊኒክ ተከፍቶ አገኘን። ከደሴ የተላከ፣ መርፌ የሚወጋና ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበረበት፤ ሁላችንም ሐኪም እንለው ነበር። ወደ ቆላ አዲስ ለሚወርድ ሰው ንዳድ እንዳይጥለው በየሳምንቱ የሚዋጥ ክኒን ይሰጣል ሲሉን በዚያው ጎራ አልን። በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፣ ድሬሰሩ ደክሞታል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ቀና ብሎ አየንና፦

«ከሁለታችሁ የደጋ ሰው ማን ነው?» አለ።

ባሌ በዱላው ጫፍ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷ ናት። እኔማ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ንዳድ ያውቀኛል።»

ወረፋው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ድሬሰሩም ፈገግ አለና ለእኔ ብቻ ሰጠኝ። እውነት ለመናገር ባሌ ክኒን ያስፈልገዋል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም።

ማሽላው ማሸት ሲጀምር ባሌ «ቆረጣጠመኝ» አለና እንደ ድሮው ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። በዚያ ሰሞን ደህና ነበርኩ፤ ክኒኔን እውጣለሁ። ቅንጣት የሚያህል ሥጋት አልነበረኝም። ጥላው መጥቶ እግሩን ሲሸፍነው ግን አልተነሳም። አማቴ ወጥተው አዩት።

«ተይው» አሉኝ። «ሲያልበው ይነሳል።»

አላበው፤ አልተነሳም። ደግፈን አስገባነው። በማግስቱ ያ የማውቀው የዕረፍት ቀን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱም አልመጣም። ትኩሳቱ ሳይለቀው ውሎ አደረ፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ከዚያ መዘላበድ ጀመረ። መጀመሪያ የሚለው አልገባንም ነበር። ኋላ ጮክ ብሎ፦

«ባቄላው ውስጥ ከብት ገባ! መልሱት!» አለ።

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ልጃቸው በእሳቸው ቤት ተኝቶ የአባቴን ማሳ ይጠብቃል። ሮጬ ጎረቤት ጠራሁ፤ ከነአልጋው ተሸክመው ክሊኒክ አደረሱት።

ድሬሰሩ ዓይኑን ገልጦ አየ፣ መርፌ ወጋው፣ ከዚያ እኔን ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ከየት ነው የመጣው?»

«እዚሁ ነው የተወለደው።»

«እሱን አውቃለሁ። እስካሁን የት ነበር የኖረው?»

«ደጋ። ከእኔ ጋር።»

«ስንት ዘመን?»

ነገርኩት። ፊቱን በእጁ ጠረገ። ከዚያ ቀስ እያለ አስረዳኝ። ንዳድን የለመደ ሰውነት ልማዱን ይዞ የሚቆየው በሽታው እየተመላለሰ ሲነካካው ነው፤ ለዓመታት ካልመጣበት መከላከሉን ይተወዋል።

«ሰውነት ይረሳል እንዴ?» አልኩት።

«ይረሳል እህቴ። ያን ዕለት ከሁለታችሁ የደጋ ሰው ማን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ሁለታችንም ነን ነበር ማለት የነበረባችሁ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ወፍ ጠባቂ ማማ ላይ ቆሞ የሚውለው ወፍ ስላለ ነው። ወፍ የማይመጣበት ማሳ ላይ ማን ማማ ይሠራል? የባሌ ጠባቂዎች በእኔ አገር ብርድ ውስጥ ሥራ ፈትተው ወርደው ነበር። እኔን ከንዳድ ሊያስመልጠኝ ወጥቶ፣ እናቱ ልጆቻቸውን ቀብረው ያገኙለትን ጥበቃ እዚያ ጥሎት መጣ። ማንም አላወቀም፤ እሱም አላወቀም። የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ገበያተኛው ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ባሌ ዐረፈ። አማቴ ድሬሰሩ ያለኝን ሁሉ ከጀርባዬ ቆመው ሰምተው ኖሯል።

አርባው እስኪወጣ ድረስ እኔና እሳቸው እንደ ጥላ እየተላለፍን ከረምን። «ልጄን ደጋ ወስደሽ አስጨረስሽው» ብለው ይወቅሱኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። ክኒኑም አልቆ ነበር፤ ሄጄ አልጠየቅሁም። እሳቸው ግን አልወቀሱኝም። ሽሮውን ያቀርባሉ፣ አብረን እንቀምሳለን፣ እንነሳለን።

ከአርባው ማግስት ወንድሜ በቅሎ ይዞ ሊወስደኝ ወረደ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ በዚያ ቆላ የሚያስቀምጠኝ ነገር አልነበረም። ንዳዱም ገና አልወጣም። ወንድሜ ጓዜን ሲጭን አማቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ልሰናበታቸው ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ትመለሻለሽ?» አሉኝ።

«ማሽላው ሲታጨድ መጥቼ አይዎታለሁ» አልኩ፤ እንዲሁ ለአፌ ያህል።

«እንዲያማ አይሆንም» አሉ። «እየሄድሽ እየተመለስሽ እሱ እንደሆነው ልትሆኝ ነው። ወይ ሂጅና እዚያው ቅሪልኝ፣ ሁለተኛ እግርሽን እንዳታነሽ። ወይ ደግሞ...»

በነጠላቸው ጫፍ ዕንባቸውን ጠረጉ። ከልጃቸው ቀብር ወዲህ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ነበር።

«ወይ ደግሞ እዚሁ ታመሚ» አሉ። «እዚሁ ታመሚ ልጄ፤ እኔ አስታምምሻለሁ።»

ወንድሜ «በሉ እንጂ፣ መሸብን» እያለ ይጣራል። እኔ ግን ከዚያ አቀበት ይልቅ ያ ትኩሳት ቀለለኝ። ጓዜን ራሴ አወረድኩት። ወንድሜ ተቆጥቶ በቅሎዋን ባዶዋን እየነዳ ሄደ። በማግስቱ ቀትር ላይ ብርዱ ጀመረኝ፤ አማቴም ጋቢያቸውን በጋቢዬ ላይ ደርበውልኝ አጠገቤ ተቀመጡ።