ለሰዓዳ የሰጠሁት ውሃ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ሰሚ እርስዎ ነዎት። ሰምተው ቢጠሉኝ አልቀየምም።

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። ክሊኒኳን የምትመራው ፈረንጅ ነርስ ለራሷ ራስ ምታት የምትወስደው ጠብታ ነበራት፤ ስታዘጋጀው አይቻለሁ። ኪኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት የሚሠራበትን ዛፍ ቅርፊት በአልኮል ትዘፈዝፋለች። ከዚያ አንዷን ጠብታ ከዘጠና ዘጠኝ ጠብታ ውሃ ጋር ትቀላቅልና ጠርሙሱን ቆዳ በተለበደ መጽሐፍ ላይ ደጋግማ ትመታዋለች። ከዚህኛውም አንድ ጠብታ ወደ ሌላ ውሃ፣ ከሌላውም ወደ ሌላ፣ ከቅርፊቱ ስሙ ብቻ እስኪቀር ድረስ። በቀጠነ ቁጥር ይበረታል ትል ነበር። ወባ ሲይዛት ግን እሷም የምትውጠው ክሎሮኪን ነው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ነርሷ አገሯ ገባች፤ መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒት መምጣቱም ቀረ። አንዲት የክሎሮኪን ሽሮፕ ብቻ ተረፈች። ምናልባት ልጄ ቢታመም ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባት። ልጄ ጤነኛ ነበር፤ ውጭ ሲሯሯጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ፋጡማ የምትባል ሴት ከሚኤሶ ቆላ ልጇን ሰዓዳን አዝላ መጣች። ልጅቷ በወባ ትቃጠላለች። እኔ ምን አደረግሁ? ጓዳ ገባሁና ነርሷ ከተወችው ጠብታ ጥቂት ወስጄ በውሃ አቀጠንኩት። ጠርሙሱን እንደሷ መጽሐፍ ላይ መታሁት። ለምን መታሁት? ማን እያየኝ? መድኃኒት የሠራሁ እንዲመስለኝ ነው፣ ሌላ ምን! ከዚያ ወጥቼ ለእናቲቱ ሰጠኋትና ከመስጠትሽ በፊት በደንብ ነቅንቂው አልኳት፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ፊቴን ኮስተር አድርጌ።

ሰዓዳ ሞተች። ፋጡማ በሳምንቱ ባዶውን ጠርሙስ አጥባ ይዛልኝ መጣች።

«ዶክተር፣ ይሄው፣ ለሌላ ልጅ ይሁን» አለችኝ። «ልጄን እኔ ነኝ የገደልኩ። እጄ ደክሞ ነበር፣ በደንብ አልነቀነቅኩም። አላህ ይቅር ይለኛል?»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ውሃ ነው የሰጠሁሽ፣ መድኃኒቱ እዚህ ተቆልፎበታል ማለት እችል ነበር። ፈራሁ፤ ከመፍራቴም በላይ እሷ ራሷን መክሰሷ ቀለለኝ። አዎ፣ ቀለለኝ! እጇን ይዤ፣ «አይዞሽ፣ ይቅር ይልሻል» አልኳት።

መርቃኝ ሄደች። እስክትሞት ድረስ ልጇን የገደለው የራሷ እጅ እንደሆነ አምና ኖረች። እርስዎን ይቅርታ አልጠይቅም። መጠየቅ የነበረብኝ እሷን ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን ይቅር ባይ ሆኜ ሸኘኋት።