ከልብስ ሰፊዋ እግር ስር

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ንፋስ ነበር፤ ዝናብ የማያስከትል፣ አቧራ ብቻ የሚያመጣ ደረቅ ንፋስ። መጋረጃውን ወደ ውስጥ እየገፋ፣ የተቆረጠውን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ እያነሳ ልብስ ሰፊዋን አላሠራ አላት። በክንዷ ጨርቁን ተጭና ይዛ የስፌት ማሽኑን ፔዳል በእግሯ ትመታለች። እግሯ ስር ውሻው ያለቅሳል።

ፔዳሉን አላቆመችም። እያዳመጠችው ነበር።

የውሻው ስም ዘበኛ ነው። ስሙን ያወጣለት የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ባሏ ነው። ቡችላ ሳለ ከመንገድ ዳር አንስቶ፣ በጃኬቱ ጠቅልሎ በጋቢና ሲያመጣው «ይሄ ግቢያችንን ይጠብቅልናል» ብሎ ነበር። ምኑን ይጠብቃል፤ የመጣውን ሁሉ ጭራውን እየቆላ ከበር ተቀብሎ ሳሎን የሚያስገባ ፍጡር ሆኖ አረፈው። አንዴ ሌባ ገብቶ የተሰጣ ልብስ ሲለቅም፣ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ እስከ አጥሩ ሸኘው። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ «መቼስ እንግዳ አክባሪ ነው» አለ። ስሙም በዚያው ጸና።

ሹፌሩ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ሲመለስ ደግሞ ከሚስቱም ከልጁም ቀድሞ የሚቀበለው ዘበኛ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ያውቀዋል። ልጅቷ «አባዬ መጣ» የምትለው ውሻው ብድግ ሲል አይታ ነው። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ቀንታ አታውቅም። ለቅናት ጊዜ የለኝም ትላለች፣ ሥራ አለብኝ።

ዘበኛ ሲያረጅ መጀመሪያ ጆሮው፣ ቀጥሎም ዓይኑ ሄደ። ፋርማሲ የምትሠራው ልጅቷ አንጀቷ አልችል አላትና ለስላሳ ፍራሽ ገዝታ፣ ከማሽኑ ሁካታ ይረፍ ብላ የራሷ ክፍል ውስጥ አነጠፈችለት። ውሻው ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ዋለ። ምግብም ውሃም እምቢ አለ። ደንግጣ አባቷ ጋ ደወለች፤ «ዘበኛ እየሞተ ነው» አለችው። ሹፌሩም የጫነውን ዕቃ ሳያደርስ መኪናውን አዙሮ ወደ ቤቱ ከነፈ።

እናት ግን የሚሰፋ ልብስ ነበረባት። እየሠራሁ ልየው ብላ ፍራሹን ከነውሻው ጎትታ ከማሽኑ ጠረጴዛ ስር አስገባችው። ፔዳሉን ስትመታ የጣውላው ወለል መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ውሻውም አገጩን ከፍራሹ አውርዶ ጣውላው ላይ አሳረፈና ጸጥ አለ። የማያይ የማይሰማ ፍጡር፣ ሰው አጠገቡ መኖሩን የሚያውቀው በዚያ ብቻ ኖሯል። ሹፌሩ አቧራ ለብሶ ሲገባ ዘበኛን ሳህኑን ሲልስ አገኘው።

«የሞተው ይሄ ነው?» አለ።

ጭነቱን ሳያደርስ በመመለሱ አለቃው የተናገረውን ቃል ሹፌሩ ለማንም አልደገመውም። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ቤት ውሻው ሊሞት ነው የሚል ሰው ቢመጣ የሚያምነው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋም ልማዱን ያዘች። ማሽኑ ሲቆም ያለቅሳል፣ ሲሄድ ዝም ይላል። ምሳዋን ስትበላ እንኳ ክር ሳታስገባ ባዶውን ትመታለት ነበር። «በነጻ የምሰፋለት ደንበኛዬ» ትለዋለች።

በዚያ የንፋስ ቀን ግን ማሽኑ እየሄደ ውሻው አለቀሰ። ፍጥነት ጨመረች፤ አለቀሰ። ቀነሰች፤ አለቀሰ። ልጇን ጠራቻት።

«ሐኪሙን ጥሪው።»

«እማዬ፣ ያለፈውን ረሳሽው እንዴ? አባዬን ከመንገድ መልሰን ስንት ነገር ሰማ።»

«አልረሳሁም። ያኔ የጎደለው ሰው ነበር። አሁን ሰው አለለት፣ ያም ሆኖ ያለቅሳል። ነይ ጎንበስ በይና እዪው።»

ልጅቷ ተንበርክካ አየችው። ስልኳን አነሳች።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ የውሻውን ሆድ በጣቶቹ ዳሰሰ። «ሆዱ ውስጥ እብጠት አለ፤ ገፍቷል» አለ። «ማስታገሻ ልሰጠው እችላለሁ። ሕመሙን ግን ለብዙ ጊዜ አይዝለትም። በመርፌ እናሳርፈው ካላችሁም ዛሬውኑ ይሆናል። እናንተ ናችሁ የምትወስኑት።»

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ጋ ደወለች።

«እሁድ እገባለሁ፣ ጠብቁኝ» አለ።

«አልጠብቅህም።»

«አንቺ ሴት፣ የኔ ውሻ እኮ ነው።»

«ያንተ ነው። የሚያመው ግን እሱን ነው።»

«ያለፈውም ጊዜ እንደዚሁ ብላችሁኝ...»

«ያለፈው ጊዜ አላወቅንም። አሁን አውቃለሁ። እግሬ ስር ነው የሚውለው፣ እኔ ካላወቅኩት ማን ያውቀዋል?»

ከወዲያ ማዶ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቆይቶ «እሺ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» አለ።

«አይሰማም እኮ።»

«እንደማይሰማ አጥቼው ነው? አድርጊው አልኩሽ።»

አደረገችለት። የሹፌሩ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ሁሉም ሰሙት። «አንተ ዘበኛ፣ እኔ ሳልመጣ ሥራ ልትለቅ ነው አሉ። በል ይሁን። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሌባ አልያዝክልኝም፤ የስንብት ክፍያ እንዳታነሳብኝ።» ልጅቷ እየሳቀች አለቀሰች። ሐኪሙ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። «ካለበት ሳናነሳው ይቻላል?» አለችው።

ሐኪሙ ጠረጴዛው ስር በደረቱ ገባ። እሷ ያለ ክር፣ ያለ ጨርቅ፣ ሳትፈጥን ሳትዘገይ ፔዳሉን መታች። ወደ ታች አላየችም፤ ዓይኗ መርፌው ላይ ነበር። «አልቋል» ሲላት ጥቂት ቀጠለችና መዘውሩን በመዳፏ ይዛ አቆመችው።

ሹፌሩ እሁድ ገባ። አጥሩ ጥግ የተቆፈረውን አፈር አየና ማንንም ሳያናግር መኪናውን ማጠብ ጀመረ። መኪናው ንጹሕ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አልተጠጋችውም፤ ያደረገችውን ታውቃለች፣ የሚጸጽታትም ነገር የለም። ራት ሲቀርብ ግን ጠራችው።

«ተቀይሜሻለሁ» አለ ሲቀመጥ።

«ተቀየም። እየበላህ ተቀየም።»

ጥቂት ጎረሰ። «ብደርስ ኖሮ ነገ እል ነበር። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልጠበቅኩህ።»

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ጨምሪልኝ አላት፤ ጨመረችለት።

አሁን ሹፌሩ የሩቁን መንገድ ትቶ ከተማ ውስጥ ዕቃ ያመላልሳል፤ ማታ ማታ ቤቱ ነው። ልጅቷ አግብታ ወጥታለች። ልብስ ሰፊዋ እዚያው ሳሎን፣ መስኮቱ ስር ተቀምጣ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች።